አሉቶ ሥር ሽማግሌ መላክ

ሰሞኑን አዳማ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ጎረቤቶቼ ሁሉ የምድር ሊቅ ይሆናሉ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ስለ ቅልጥ ዓለት ያስረዳኛል። እኔ እሰማቸዋለሁ። በዚህ ሙያ ከሁላቸውም እቀድም ነበር፤ የተውኩት ሚስት ሊያሳጣኝ ሲል ነው።

ያኔ ባቱን ዝዋይ እንላት ነበር። ወጣት መምህር ሆኜ ተመድቤባታለሁ። አንድ ወዳጄ ስለ እሳተ ገሞራ የተጻፈ መጽሐፍ አዋሰኝና፣ ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር አሳ ለብለብ በቀረበልን ቁጥር ከአፌ የሚወጣው እሳት ብቻ ሆነ። ቬሱቪየስ ፖምፔን ሲቀብር ዳቦው ምድጃ ውስጥ እንደነበር፣ የክራካታው ፍንዳታ ድምፅ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንደተሰማ፣ ማርቲኒክ ደሴት ላይ አንድ ከተማ በሙሉ ሲያልቅ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ እስረኛ እንደነበር እተርካለሁ። እስረኛው ሁልጊዜ ያስቃል። አንድ ቀን ሳቁ ልቤን ነፋውና፣ ከከተማው በስተደቡብ የተጋደመውን የአሉቶን ተራራ በአሳ አጥንት እየጠቆምኩ፣ «ይሄም ወንድማቸው ነው። ተኛ እንጂ አልሞተም» አልኩ።

ሐሰት አልተናገርኩም፤ ከጎኑ ዛሬም እንፋሎት ይወጣል። ግን በትንሽ ከተማ እውነትም እንደ ሐሜት ሲዞር ይወፍራል። ሳምንት ሳይሞላ «መምህሩ ዝዋይ ትጠፋለች አለ» ተባለ።

በዚያው ሰሞን ለጫልቱ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ጫልቱ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ አባቷ ኦቦ ደበላ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ያለማሉ። የሽማግሌዎቹ መሪ ከአዳማ የመጣው አጎቴ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጋሽ ታዬ ነው። መጀመሪያ ሲሄዱ እንደ ደንቡ «አስበን እንነግራችኋለን» ተብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ግን ደንቡ ፈረሰና ልጁ ራሱ ይምጣ ተባለ። ጋሽ ታዬ ሊጠራኝ መጣ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው አይጠራም። ግባና አፍህን ያዝ።»

ገባሁ። ከጓዳ የዶሮ ወጥ ይሸታል፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ግን ውሃ እንኳ የለም። ለልጅ ጥያቄ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም።

«አሉቶ ይፈነዳል ያልከው አንተ ነህ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ሊፈነዳ ይችላል ነው ያልኩት፣ ኦቦ።»

ጋሽ ታዬ አሳለው።

«እና ከሚጠፋ አገር ሚስት ፍለጋ ምን አመጣህ?»

«ሳይፈነዳ ላወጣት ነው። ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ አዳማ እንገባለን።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ያመለጥኩ መሰለኝ። ኦቦ ደበላ ግን አልሳቁም። በበሩ በኩል ማሳቸውን እያዩ ጠየቁኝ።

«እኛንስ?»

«እርስዎም አብረውን…» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ የትም አልሄድም። አባቴ እዚህ ነው የተቀበሩት። ተራራው እንደሆነ ስወለድም ያጨስ ነበር። እኔ የምፈራው እሱን አይደለም፤ ልጄን ወስዳችሁ እንደ ፈራረሰ አገር እንዳትረሱን ነው።»

ጋሽ ታዬ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። «በየፋሲካው እንመጣለን» አልኩ።

«ቢያጨስም?»

«ቢያጨስም።»

«ቢያጉረመርምም?»

«ኧረ ኦቦ» አለ ጋሽ ታዬ፣ «ይሄ ልጅ እምቢ ቢል እኔ ራሴ እንደ ጤፍ ጭኜ አመጣልዎታለሁ።»

ኦቦ ደበላ ወደ ጓዳ ዞረው «ኛታ ፊዳ» አሉ። ምግብ አምጡ ማለታቸው ነው። ጋሽ ታዬ ያን ያህል ፈጥኖ እጁን ሲታጠብ አይቼው አላውቅም።

ተጋብተን አዳማ ከገባን ወዲህ የፋሲካ መንገዳችን ያው ነው። ሞጆን አልፈን ደቡብ፣ መቂ ላይ የቲማቲሙ ክምር፣ ከዝናብ በፊት ያለው የደረቀ ሙቀት፣ ባቱ ስንደርስ የጋሪ ፈረሶቹ ቃጭል። ኦቦ ደበላ በር ላይ ይጠብቁንና መጀመሪያ ልጃቸውን ይስሙ ነበር፤ ቀጥሎ በአገጫቸው ተራራውን እያሳዩኝ «ዘንድሮም አሳፈረህ» ይሉኝ ነበር።

የእሳተ ገሞራ መጻሕፍት ሁሉ የሚጀምሩት ተራራው ከሚፈነዳበት ቀን ነው። ሥሩ የሚኖረውንም ሰው ወይ ሞኝ ወይ ምስኪን ያደርጉታል። ከዚያ ቀን በፊት ስንት ልጅ እንደተዳረ፣ ስንት ዶሮ እንደተሠራ አይጽፉም፤ አንባቢም አይጠይቅም። እኔ ግን በዚያ በማይጻፈው ዘመን ውስጥ ኖሬያለሁ፤ ከፍንዳታው ይበልጥብኛል።

ኦቦ ደበላን አሉቶ አልነካቸውም። በእርጅና፣ በአልጋቸው ላይ አረፉ፤ የተቀበሩትም ከአባታቸው አጠገብ ነው። ቃል የሰጠኋቸው ሰው ከሞቱ ቆዩ፤ ብንቀር የሚጠይቀን የለም። ዘንድሮም ሄድን።