ቀንበሩ የተፈታ ጠዋት

አሶሳ ላይ የያዙኝ ስልኬ ላይ በለጠፍኳት አንዲት አንቀጽ ነው። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የቆርቆሮው ወበቅ ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ሽበታም ገበሬ። «ና መምህር፣ እዚህ ጠጋ በል» ብለው የሰሌናቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ። በምን እንደገቡ ስጠይቃቸው «ሰው ገድዬ» አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ግን የት ልሂድ?

ባምባሲ አካባቢ የሰፈሩ የወሎ ሰው ናቸው። በሬያቸውን ከጎረቤታቸው በሬ ጋር አቀናጅተው ለዓመታት አርሰዋል። የገደሉት ያንኑ መቀናጇቸውን ነው፤ ማሳ ላይ፣ ከኋላ፣ በዱላ። ዐቃቤ ሕግ «ያመነውን ሰው በክህደት ገደለ» ብሎ በከባድ ግድያ ከሷቸዋል። ያ ከጸና ሞት ሊፈረድባቸው ይችላል፤ ተራ ግድያ ከተባለ ግን እስራት ነው።

«እንዲያው ከኋላ መምታቴ ነው የሚያስገድለኝ?» አሉኝ።

የማስተምረው ሒሳብ ነው። እዚያ ቤት ግን መምህር ከተባልክ ሁሉን ታውቃለህ። «ከኋላ መምታት ብቻውን አይበቃም አባባ፤ ዋናው ሰውየው አምኖዎት ነበር ወይ ነው» አልኳቸው።

«ወላሂ አላመነኝም! ድንበሬን ሲገፋ ዝም ስለው ከረምኩ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አሉ፤ ያን ለት ጠዋት ደሜ ፈላ። ቀንበሩን ፈትቼ በሬውን ደጁ ድረስ ነድቼ መለስኩለት። በእኛ ዘንድ በእርሻ መሀል በሬ መመለስ ተቆራርጠናል ማለት ነው። ግን ማን አየ? ሚስቱ ብቻ።»

በቀጠሮዬ ቀን ካቴና አነሰና ከእሳቸው ጋር በአንድ አሰሩን። የእኔ ጉዳይ እንደተለመደው ተራዘመ፤ የሳቸውን አብሬ ተቀምጬ ሰማሁ። የሟች ሚስት ሻሿን አገጯ ድረስ ጠቅልላ ቀረበች። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናት፤ የበሬውን ነገር ብትዘለው ማንም አያውቅባትም።

ዳኛው «ያን ቀን ባለቤትሽ ይህን ሰው ያምነው ነበር?» አሏት።

መሬት መሬቱን አየች። «አያምነውም» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት በሬያችንን ፈቶ ደጃችን አስሮ ሄደ። ባሌም ‹ከእንግዲህ ጠላቴ ነው› ብሎ ዱላውን ይዞ ወጣ። ልጆቼን የቲም ያደረጋቸው ይሄ ሰውዬ ነው፤ አላህ ይፍረድበት። ግን ምያለሁ፤ ያየሁትን አልደብቅም።»

ከምስክር መቆሚያው ወርዳ በፊታችን ስታልፍ ሽማግሌው ብድግ አሉ። እጄ ከእጃቸው ታስሯልና ሳልወድ አብሬ ቆምኩ። ፖሊሱ «ተቀመጡ!» አለን። በሩን እስክትወጣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ዞር ብላም አላየቻቸው።

በኋላ በተራ ግድያ ተፈረደባቸው። እኛ ክፍል ከሞት ለተረፈ ይጨበጨብ ነበር። የክፍሉ ልጆች ማጨብጨብ ሲጀምሩ ሽማግሌው «ተዉ!» አሉ። «ያቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ይዛ ቤቷ እንደገባች ታውቃላችሁ?» ሁሉም እጁን ሰበሰበ።

እኔ ተፈትቼ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ስለ ፍርድ ቤት ሲወራ ከሰው ጋር አማለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። ግን በባምባሲ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ያቺን ሴት በዓይኔ እፈልጋለሁ። ባገኛት የምላት ነገር የለኝም። ብቻ ልነሳላት እፈልጋለሁ፤ ያን ለት የተነሳሁላት ስለታሰርኩ ነው።