ቤዛዊት መቆም ያቃታት ሰሞን

እናትነሽ እንጅባራ ገበያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ አበረ ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጃቸውን ቤዛዊትን ቀን ቀን የሚጠብቁላቸው ጎረቤታቸው እማማ ሸጋ ነበሩ፤ ከጥርባ ገጠር ወደ ከተማ የገቡ፣ ከአማርኛ ይልቅ አገውኛ የሚቀናቸው ባልቴት።

አንድ ቀን እናትነሽ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ቤዛዊት እንደ ወትሮዋ ሮጣ አልተቀበለቻትም። ምንጣፍ ላይ ቁጭ እንዳለች እጇን ብቻ ዘረጋች። እናቷ ልታቆማት ስትሞክር፣ መሬቱ እሳት የሆነባት ይመስል ቀኝ እግሯን ሰበሰበች።

«እማማ፣ ምን ሆናብዎት ነው?»

«ምንም አልሆነች፤ ስትጫወት ነው የዋለች» አሉ እማማ ሸጋ። «መቆም እንቢ ያለችኝ አሁን ነው።»

እናትነሽ እግሯን አገላብጣ አየች። አላበጠም፣ አልጠቆረም፣ ጭረት እንኳ የለውም። «ምን ሆንሽ የኔ እናት?» ብትላት ልጅቷ በአገውኛ አንድ ቃል መለሰችላት። እናትነሽ የቡሬ ልጅ ናት፤ ቃሉ አልገባትም። አገውኛ የሚያውቀው አበረ ቤት ሲገባ ጠየቀችው።

«ዶሮ ነው የምትለው» አላት።

«ዶሮ ምን አደረጋት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

በማግስቱ አበረ ወጌሻውን ጋሽ ይኸነውን ይዞ መጣ። ሽማግሌው እግሯን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ወለምታ ነው፤ ቅቤ አምጡ፣ ልሸው» አሉ። እጃቸው ቅልጥሟ ላይ ሲያርፍ ግን ልጅቷ ያሰማችው ጩኸት እናትነሽን አስደነገጣት። «በቃ ይተዉልኝ!» ብላ ልጇን ቀማቻቸው። አበረ በሀፍረት አቀረቀረ።

ሆስፒታል ወስዳ ራጅ አስነሣቻት። ወጣቱ ሐኪም ፎቶውን ብዙ ካየ በኋላ ስብራት እንዳልታየው ነገራት። እናትነሽ እፎይ ልትል ስትል ሐኪሙ የልጅቷን ትኩሳት ለካ፤ ዳሌዋንና ጉልበቷን ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቅልጥሟን በጣቱ ጫን ቢለው ቤዛዊት አለቀሰች።

«ጀሶ እናደርግላታለን» አለ።

«አልተሰበረም አላሉኝም እንዴ?»

«አይታይም ነው ያልኩዎት። በዚህ ዕድሜ ቀጭን ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል። ከሳምንት በኋላ ደግመን እናነሣታለን። እስከዚያ ጣቶቿን ይመልከቱ፤ ከቀዘቀዙ፣ መልካቸው ከተለወጠ፣ ካበጡ ወይም ሕመሙ ከባሰባት ቶሎ ያምጧት።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስትወድቅ ያየ አለ? ማን ነው የሚጠብቃት? ሁሉንም ወላጅ የምንጠይቀው ነው፤ የመታት ሰው ይኖር ይሆን?»

እናትነሽ ወደ ቤት ስትመለስ ጥያቄው አብሯት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ልጇን ለእማማ ሸጋ አልሰጠችም፤ ሱቅ ይዛት መዋል ጀመረች። አሮጊቷ ድንች ቀቅለው ሊጠይቁ ሲመጡ «ተኝታለች» ብላ ከበር መለሰቻቸው። የልጅቷ ሳቅ ከውስጥ ይሰማ ነበር።

አበረም አላረፈም። «ያልተሰበረ እግር ለምን ይታሰራል? ላውልቀው።»

«እንዳትነካው!»

«ተሰብሯል ነው የምትይኝ?»

«አላውቅም። ምንም አላውቅም፣ አበረ።»

በሁለተኛው ራጅ ሐኪሙ በአጥንቱ ጎን ላይ የበቀለ ነጭ ጥላ አሳያት። ስንጥቅ ነበረ፤ አሁን እየገጠመ ነው።

«ታዲያ ማን ሰበራት?»

«ማንም ላይሆን ይችላል። ስትሮጥ እግሯ ተጠምዝዞ ብትወድቅ ይበቃል፤ የዚህ ዕድሜ ልጆች እንዲህ ይሆናሉ። ሌላ ቦታ የተመታችበት ምልክት አላየሁባትም።»

እናትነሽ ልጇን አዝላ በቀጥታ እማማ ሸጋ ቤት ሄደች። የሆነውን ነግራቸው «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ውሃ ልቀዳ ጓሮ ወጥቼ ነበር» አሉ እማማ ሸጋ። «ስመለስ ቁጭ ብላለች፤ አላለቀሰችም። ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ደግመሽ ብትጠይቂኝ ይህንኑ እነግርሽ ነበር።»

እናትነሽ በማን እንደምትቆጣ፣ መቆጣትስ ይገባት እንደሆነ አላወቀችም። ልጅቷን አውርዳ አሮጊቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት፤ እሳቸውም በአገውኛ እያዋሯት ፀጉሯን ይዳብሱ ጀመር።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ቤዛዊት ለጥቂት ሳምንታት አነከሰች። አንድ ጠዋት በእማማ ሸጋ ግቢ ውስጥ ዶሮ ተከትላ ልትሮጥ ስትል ተደናቀፈችና በእጇ ተደግፋ ወደቀች። እናትነሽ ልታነሣት ዘለለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንያት» አሉ እማማ ሸጋ።

ልጅቷ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ ተነሥታ በሁለቱም እግሯ ቆመች።