ሳይዘረጋ የተገዛ ጥላ

ሐሙስ ጠዋት፣ ባሕር ዳር

የጥቅምት የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያልተጨረሱ ሦስት ቀሚሶች ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ እንደተንጠለጠሉ ቆልፌ መናኸሪያ ገባሁ። ረቡዕ ከሰዓት ታናሽ ወንድሜ ውዱ ከአንበሳሜ ደውሎ ነበር።

"እምዬ ቤተክርስቲያን መግባት ከተወች አራት ወር ሊሞላት ነው" አለኝ።

"እስከዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?" ብዬ ጮህኩበት።

"እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው። አሁን ግን እህልም እየተወች ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ውዱ በኩላሊት ታሞ ሊሞትብን ነበር። እናቴ ወይዘሮ አንጓች "ልጄን ካተረፍህልኝ ጥላ አስገባልሃለሁ" ብላ ለሰፈራችን ሚካኤል ተሳለች። ውዱ ዳነ። ግንቦት ላይ ደወለችልኝና "ጥላውን ልገዛ ደብረ ታቦር ልሄድ ነው፤ አብረሽኝ ሂጅ፣ አንች ጨርቅ ታውቂያለሽ" አለችኝ። የሰርግ ወቅት ነበር፤ ሥራው አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። "እምዬ፣ ጥላ እኮ ነው! ምን ይመረጥለታል? ደስ ያለሽን ግዥ" አልኳት። እሷም እሺ ብላ ብቻዋን ሄደች።

እኔ ሃያ ዓመት ስሰፋ ጫፉን አርሼ በነጭ ጨርቅ ሳላሸው የገዛሁት ባለ ቀለም ጨርቅ የለም። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ስንት ደንበኛ እንደሚያጣላ አውቃለሁ። ለሰው ሁሉ የማደርገውን ለእናቴ አላደረግሁም።

እስከ ሐሙሲት በሚኒባስ መቶ ብር ከፈልኩ። ዓባይን ተሻግረን ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ የሚወስደው መኪና እስኪሞላ ሌላ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ከጎኔ ዶሮ የታቀፈች ሴት "የት ነሽ እቴ፣ ፊትሽ ጠቁሯል" አለችኝ። እናቴ ጋ ነው አልኳት። "እሰይ፣ እናት ካለችሽ ምን ጎደለሽ" አለች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጤፉ ዘለላ ይዞ ወደ ቢጫ እየሄደ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት፣ አንበሳሜ

እናቴ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ወትሮ ገና ከሩቅ ስታየኝ እልል ብላ የምትነሣ ሰው፣ እጇን ብቻ ዘረጋችልኝ። ክንዷን ስይዘው አጥንቷ እጄ ውስጥ ገባ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

"ምን ሆነሽ ነው እምዬ?"

"ምንም አልሆንኩ። ስለቴ አልሰመረም፣ ይኸው ነው።"

የሆነውን የነገረኝ ውዱ ነው። ሰኔ አሥራ ሁለት ሚካኤል ሲነግሥ ጥላው ለመጀመሪያ ጊዜ ታቦቱ ላይ ተዘረጋ። ቀይ ከፋይ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ፤ ሕዝቡ "አንጓች እንዴት ያለ አስገባች!" አለ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ። ጥላው ቀይ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። የታቦቱ መጎናጸፊያ ተበላሸ፣ ታቦቱን የተሸከሙት አባ መልካሙ ነጭ ቀሚሳቸው ከትከሻ እስከ ጉልበት ደም የነካው መሰለ። ከኋላ ያሉ ሴቶች "ኧረ እግዚኦ! አልተቀበላትም" አሉ። እናቴ ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቅጥሩን አጥር ከውጭ ሳማ ትመለሳለች። ሚካኤል ስለቷን ከመለሰ ልጇንም መልሶ ይወስደዋል ብላ፣ ሌሊት ውዱ ባሳለ ቁጥር ደንግጣ ትነሣለች።

"ስትገዥው ዘርግተሽ አላየሽውም?" አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ። "ለሚካኤል የሚገባ ጥላ መጀመሪያ የሚዘረጋው ታቦቱ ላይ ነው። እኔ ማን ነኝና ገበያ መሀል እዘረጋዋለሁ? በዋጋም አልተከራከርኩ። ለስለት ይከራከሯል?"

በአራት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው የገዛችው። የሰባ በግ ሁለት ሸጣ። ደረሰኙን ጠየቅኋት፤ ማንበብ ባትችልም የተሰጣትን ወረቀት ሁሉ ሙዳይ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከክትባት ካርድና ከግብር ወረቀት መሀል አወጣችልኝ።

ሳይመሽ አባ መልካሙ ጋ ሄድኩ። መስቀል ተሳልሜ ጥላውን ለሻጩ እንዳሳየው እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

"አይሆንም ልጄ" አሉ። "አንዴ ለሚካኤል የገባ ዕቃ ተመልሶ ገበያ አይወርድም።"

"አባ፣ ዕቃው ከሌለ ሻጩ አያምነኝም እኮ! እርስዎ ቀለም መሆኑን እያወቁ ለምን አልነገሯትም?"

"ስንት ጊዜ ነገርኳት! ቀለም ነው እንጂ ቁጣ አይደለም አልኳት። 'አባ እኔን ለማጽናናት ነው' ትለኛለች።" ትንሽ አሰቡና ወደ ጓዳ ገብተው የተጣጠፈ ነገር ይዘው ወጡ። "ይኼ ግን የራሴ ነው። አምስት ጊዜ ታጥቦ ቀዩ አልለቀቀውም። ይዘሽው ሂጅ።" ቀሚሳቸው ነበር።

ዓርብ፣ ደብረ ታቦር

ተመልሼ በሐሙሲት፣ በወረታ አድርጌ ወጣሁ። የፎገራ ሩዝ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል፤ ከአለምበር በኋላ መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ብርዱ ገባ፣ ጉና ከሩቅ ደመና ለብሶ ታየ። እናቴ ይህን ሁሉ መንገድ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ብቻዋን እንደሄደች ሳስበው ራሴን ጠላሁት። ስትመለስ ጥላውን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ሰው እንዳይነካባት እየተከላከለች ነው የመጣችው፤ ውዱ ነግሮኛል።

ባጃጅ ሠላሳ ብር ተቀብሎኝ መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። የሸማቾችን አቤቱታ የምትቀበለው ሴትዮ ደረሰኙን አገላብጣ አየች።

"ቀንም ስምም አለው፣ ጥሩ ነው" አለች። "መጀመሪያ ሻጩን ጠይቂው። የሚልሽን በጽሑፍ ያድርገው፣ ይፈርም። እምቢ ካለ እዚህ ተመለሽ፣ እኛ እንጠራዋለን። ለመሆኑ ምንድን ነው የምትፈልጊው? ብር ነው ቅያሪ?"

"ሁለቱንም አይደለም" ስላት ግራ ገባት።

ሱቁ የንዋየ ቅድሳት መሸጫ ነው። ባለቤቱ አቶ ሙሉቀን ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ከጀርባቸው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጉዳዬን ስነግራቸው በጣታቸው ወደ ወረቀቱ ጠቆሙኝ።

"ጋሼ፣ ማንበብ እችላለሁ" አልኩ። "ዕቃ ልመልስ አልመጣሁም፤ ዕቃውማ ሚካኤል ቤት ነው።" የአባን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ጫፉን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አዩት። "እናትሽን አስታውሳቸዋለሁ" አሉ። "ልዘርጋልዎ ስላቸው እጄን ያዙኝ። ቢዘረጋ ኖሮ..."

"ቢዘረጋስ? ሱቅ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል? እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ዝናብ የሚመታው ዕቃ ሲያስመጡ በውሃ አይሞክሩም?"

"እህቴ፣ እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው። ማንም አልተናገረኝ።"

"ማን ይናገራል? ገዢዎ ሁሉ የራሱ ኃጢአት መስሎት አጎንብሶ ይሄዳል!" ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ መንገደኛ ቆሞ ይሰማል። ከዚያው ጭነት የቀረ ካለ አምጡልኝ አልኩ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ነበሩ። የከፋዩን የውስጥ ጫፍ በሃይላንድ ውሃ አራስኩት፤ የገዛ ነጠላዬን ይዤ አሸሁት። ነጠላዬ ቀላ።

አቶ ሙሉቀን መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። "ከዚህ ሰባት ሸጫለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ለሰባት ቤተክርስቲያን።" ከዚያ ሁለቱን ጥላዎች አንስተው ወደ ጓዳ ወረወሩ፤ ብሩን ሊቆጥሩልኝ መሳቢያ ከፈቱ።

"እናቴ ብር አትፈልግም። ጥፋቱ የዕቃው እንደሆነ ጽፈው ይፈርሙልኝ።"

ጻፉ። እጃቸው ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀደው ጀመሩ። ማኅተም መቱበት። ለቀሩት ስድስት ቤተክርስቲያኖችም ቅያሪ እንደሚልኩ ምለው፣ ለእኛ ከሌላ ጭነት የመጣ ነጭና ወርቃማ ጥላ ሰጡኝ። እዚያው ሱቁ መሀል ዘረጋሁት፣ ውሃ አፈሰስኩበት፣ ስፌቱን አንድ በአንድ አየሁ፣ ሽቦውን ከፍቼ ዘጋሁ። እንከን አልነበረውም። ዓርብ ስለሆነ በሽሮ ምሳዬን በላሁ፤ መቶ ሃያ ብር። ውዱ ከደወለልኝ ወዲህ የጣፈጠኝ ምግብ እሱ ነበር።

ቅዳሜ፣ እንደገና አንበሳሜ

ደብዳቤውን እኔ ባነበው የፈጠርኩት ይመስላታል ብዬ አባ መልካሙን ይዤ ገባሁ። እሳቸው ቆመው አነበቡላት። "ጥላው ቀለም የሚለቅ መሆኑን ሳልመረምር የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የወይዘሮ አንጓች አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ" ይላል።

"ይድገሙልኝ" አለች። ደገሙላት።

"የኔ አይደለም ነው የሚለው?"

"የአንች አይደለም" አሉ አባ።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። አራት ወር ሙሉ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰች፤ ሙዳይዋ ውስጥ አስገባችው።

በደስታ አዲሱን ጥላ አመጣሁላት። አየችውና "ዘርግተሽ አየሽው?" አለች።

"አዎ እምዬ! ውሃ ሁሉ አፍስሼበታለሁ። ይኼማ አያሳፍርሽም።"

ፊቷ ተቀየረ። "እንግዲያ ለሚካኤል አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ተዘርግቷል።"

ክው አልኩ። አባ "ግዴለም፣ ጸሎት ይደረግበታል፣ ይባረካል" ቢሉ አልሰማ አለች። በእልህ "አንች ሴትዮ፣ ምን ላድርግሽ!" አልኳት። እጄን ሳብ አደረገችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"አትቆጭ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አይቻለሁ። ለእኔ አስቀምጭው፤ ስትሸኙኝ ትዘረጉታላችሁ።"

እሑድ ጠዋት አጥሩን ሳማ ቆመች። ጫማዋን አወለቀች፤ በሩን አለፈች። እኔና ውዱ ከኋላዋ ነበርን።

ታኅሣሥ፣ ባሕር ዳር

ይህን ማስታወሻ የምጨርሰው ከሁለተኛው ጉዞ ተመልሼ ነው። እናቴ የኅዳርን ሚካኤል ከውስጥ ሆና አክብራ፣ በታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት አረፈች። ትታው የነበረው የእህል ፍላጎት ግን አልተመለሰላትም። ጥላውን ከራስጌዋ በላይ ዘረጉላት። ያለ ወትሮው ካፊያ ጣለ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ከነጭ ጋቢዋ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። እስከ መቃብሩ ድረስ አንድ ጠብታ ቀለም አልወረደም።

ከጉዞው የተማርኩትን ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፦ ደረሰኝ አትጣሉ፣ ባለ ቀለም ጨርቅ አርሳችሁ እሹ፣ ሻጩን አፍራችሁ አትለፉት፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ዘግይቶብኛል። እናቴ የፈለገችው አብሯት የሚሄድ ሰው ነበር። የጥቂት መቶ ብር መንገድ፣ የአንድ ቀን ሥራ። "ምን ይመረጥለታል" ያልኳትን ጥላ እኔው መረጥኩላት፤ ለቀብሯ።