በግማሽ ፂም የፈረሰ ግንብ

ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ምላጭ ነው የሚላቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቁት ሚስታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ በስማቸው የሚጠሯቸው ሲቆጡ ብቻ ነው። ፀጉር ቤታቸው አንድ ያረጀ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር የተወሸቀች ክፍል ናት። ከላይ ሰው እየተንደረደረ በወረደ ቁጥር ከጣሪያው አቧራ ብን ይላል። ጋሽ ምላጭ የደንበኛውን ራስ በፎጣ ሸፈን ያደርጉና፣ "አይዞህ፣ ቤቱ እያስነጠሰው ነው" ይላሉ።

ሰፈሩ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ቤቶች መንደር ነው። የእንጨት በረንዳዎቹ ከግራና ከቀኝ ወደ ቅያሱ አዘንብለው ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸው። በመካከላቸው በተወጠረው ገመድ ላይ የአንዱ ሸሚዝ ከሌላዋ ቀሚስ ጋር ሲጨፍር ይውላል። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነው፤ ታች የተወራ ወሬ ላይ ሳይደርስ አያድርም።

ይህን ሁሉ መሐል ለመሐል የቆረጠው ግን ግንቡ ነበር። ቅያሱ የሁለት ወንድማማቾች የአባት ርስት ነው። ታላቁ ጨርቅ ነጋዴ፣ ታናሹ ሰዓት ሠሪ ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ "የኔ ነው፣ የኔ ነው" ተባባሉና፣ ቅያሱን በብሎኬት ግጥም አድርገው ዘጉት። ጨርቅ ነጋዴው ከፀጉር ቤቱ ወገን፣ ሰዓት ሠሪው ከማዶ ቀሩ። ስንት ሽማግሌ ተላከ፤ ሁሉም አፉን ይዞ ተመለሰ። ጤና ጣቢያው ከግንቡ ጀርባ ሆኖ ሳለ፣ በሽተኛ ሁሉ ሰፈሩን ዞሮ በትልቁ መንገድ መሄድ ግድ ሆነበት።

ይህ ነገር የጋሽ ምላጭን ቤት ያንኳኳው ልጃቸውን ምጥ በያዛት ቀን ነው። ጎረቤት ተረባርቦ በወንበር ተሸከማት። ጤና ጣቢያው ግን ሩቅ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ጫማ ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ሕፃኑ "አልጠብቃችሁም" ብሎ መጣ። ሴቶቹ በነጠላቸው ከልለው አዋለዷት። እናትም ልጅም በሰላም ተገላገሉ። ጋሽ ምላጭ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው አነቡ፤ ከደስታቸው ሥር ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቅ ነጋዴው መጣ።

"ጋሽ ምላጭ፣ እንኳን ደስ አለዎት!" ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "በሉ እስቲ ፂሜን ላጩኝ፣ እንግዳ አለብኝ።"

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው። አረፋውን ቀቡት፤ ቀኝ ጉንጩን እንደ መስታወት አድርገው ላጩት። ከዚያ ምላጩን አጠፉና አስቀመጡት።

"ጨርሻለሁ፤ ተነሥ።"

"እንዴ! ግራውስ?"

"ግራው ከግንቡ ጋር ነው የሚወርደው። ልጄን መንገድ ላይ ያስወለድካት አንተ ከወንድምህ ጋር ነህ። ቅያሱን ግማሽ ካደረጋችሁት፣ እኔም የምላጨው ግማሽ ነው።"

ነጋዴው እንደ ቲማቲም ቀላ። አረፋውን በእጁ ሞዥቆ እየተራገመ ወጣ። ትልቁ መንገድ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ጋ ቢሮጥ፣ ያ ደግሞ በሳቅ እየፈረሰ፣ "ጋሽ ምላጭ የጀመሩትን እኔ አልጨርስም፣ አስተማሪዬ ናቸው" አለው። ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ነበር። በረንዳው ሁሉ ሰው እንደ ልብስ ተሰጥቶበታል። ልብስ የምታሰጣዋ፣ በካውያ ልብስ ተኳሹ፣ አትክልት ሻጯ፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ሰዓት ሠሪውም ከግንቡ በላይ ካለው በረንዳው ወንድሙን አየና ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን አንዱ ጎረምሳ፣ "ግማሽ ፍየል!" ብሎ ሲጮህ ሰማ። ያኔ ሳቁን ትቶ ደረጃውን ወረደ። እሱ ቢስቅ የእናቱ ልጅ ነው፤ ሌላው ምን ቤት ነው?

ጋሽ ምላጭ፣ "አሁንስ ደንበኛም ወዳጅም አጣሁ" እያሉ በር ላይ ተክዘው ቆመው ሳለ፣ ሰዓት ሠሪው ሰፈሩን ዞሮ እያለከለከ ደረሰ። ማንንም ሳያናግር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ላጩኝ። የሱን ያህል፣ በሱው በኩል።"

ጋሽ ምላጭ አረፋውን ቀብተው ቀኝ ጉንጩን ላጩት። ሰዓት ሠሪው ግማሽ ፂሙን ይዞ ወጣና ቅያሱ ላይ ከቆመው ወንድሙ ጎን ቆመ።

"በሉ አሁን ሳቁ!" አለ ለሰፈሩ።

የሳቀ የለም። ጨርቅ ነጋዴው ወንድሙን ቀና ብሎ አየው፤ ጉንጩን በእጁ ዳሰሰለት። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰ መስሏቸው ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው እስኪንበረከኩ ሳቁ፤ መጨረሻ ላይማ እውነትም አለቀሱ።

"መዶሻ አምጣ" አለ ታላቁ።

"ምነው አንተ አታመጣም?" አለ ታናሹ፤ በዚህም ተሳሳቁ።

የመጀመሪያውን ምት አብረው መቱት። ከዚያማ ማን ይቆጥራል! መዶሻ ያለው በመዶሻ፣ የሌለው በእጁ፣ ብሎኬቱ እየተቀባበለ ወጣ። ግንቡ ሲናድ በረንዳው ሁሉ በእልልታ ተናጋ፤ ታፍኖ የኖረው ንፋስ ገባና ገመድ ላይ ያለውን ልብስ እንደ ባንዲራ አውለበለበው። ጋሽ ምላጭ ወንድማማቾቹን ፍርስራሹ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የቀረውን ፂም በፀሐይ ላጩላቸው።

የዚያን ዕለት ጉዳይ ያለውም የሌለውም በቅያሱ ተመላለሰ። ጋሽ ምላጭም ሱቃቸውን ክፍት ትተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እስከ ጤና ጣቢያው ደጅ ድረስ ተንጎራደዱ። ዘበኛው፣ "ምን ልርዳዎት?" ሲላቸው፣

"ምንም" አሉት፤ "መድረሴን ላሳይህ ብዬ ነው።"