የተጠቀለለው መስቀል

ከጎንደር ወደ ማክሰኝት በሚሄደው ሚኒባስ ጋቢናውን ቢለቁላቸውም እምቢ ብለው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥምጥማቸው የነጣ፣ የጋቢያቸው ጫፍ የተበላ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ከንፈራቸው ያለድምፅ ይንቀሳቀሳል።

አጠገባቸው ያለችው ሴት ነጠላዋን አስተካክላ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና ባዶውን መልሰው አወጡት። በጨርቅ የተጠቀለለው መስቀል እዚያው ቀረ።

«ዛሬስ ይቅርብሽ፣ ልጄ።»

«ምነው አባቴ?»

«የደብር አለቃ ነኝ። ትናንት ዲያቆኔን አረፈድክ ብዬ በምእመኑ ፊት አዋረድኩት። ለካ ማክሰኝት የታመመች እናቱን ሲያስታምም አድሮ ኖሯል። ነገ ደግሞ ቅዳሴ አለብኝ።»

«ታዲያ አስጠርተው አያነጋግሩትም? አለቃው እርስዎ ነዎት።»

«አለቃ ባልሆን ስሰድበው ማን ያምነኝ ነበር? አሁን ሁሉም ሰነፍ ይለዋል።»

በቅንድባቸው መካከል የቁጣ መስመር አለ፤ የቆየ ነው፣ እሳቸውም ሲታገሉት የኖሩ ይመስላል።

ማክሰኝት ወረዱ። ከእህል ገበያው ጀርባ ወዳለው የዲያቆኑ እናት ቤት ሳይዘልቁ መንገድ ዳር ቆመው ድንጋይ ይመርጡ ጀመር፤ በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነውና። አንዱን ትንሽ አነሱ፣ በመዳፋቸው መዘኑትና መልሰው ጣሉት።

ከዚያ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ትልቁን በሁለት እጃቸው አንስተው ከጥምጥማቸው ሥር ማጅራታቸው ላይ ጫኑት።