የወንጭት ውሃ ቀለም

ቢተውን «ሚስቱን ለወንዝ የሰጠ» የሚሉት ሰዎች ዛሬም አሉ። አብዛኞቹ ዓለም ከተማ ጠላ ቤት ተቀምጠው የሚያወሩ፣ ወንጭትን በበጋ እንጂ በክረምት አይተውት የማያውቁ ናቸው። እኔ ጎረቤቱ ነበርኩ፤ በዚያን ቀንም ወንዙ ዳር ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች አፍ ግን ስንት ዓመት ሙሉ እንዳመለጠ ነው።

ቢተው ውሃ አሻጋሪ ነበር። ክረምት ሲገባ ከመርሐቤቴ ወደ መንዝ የሚያልፍ ሁሉ የእሱን ደጅ ሳይረግጥ ወንዙ ውስጥ አይገባም። እጅ አይዝም፤ «እጅ ያሟልጫል» ይልና የሰውን አንጓ ይጨብጣል። በሌላው እጁ ረጅም የወይራ ዱላ ከፊቱ እየተከለ ቀስ ብሎ ያሻግራል። ቀልደኛም ነበር። ቄስ ሲያሻግር መሃል ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና «አባ፣ ዛሬ የነፍስ አባትዎ እኔ ነኝ፤ ይናዘዙ» ይላቸዋል። እየሳቁ የሚረግሙት ቄሶች ብዙ ነበሩ።

ከመሻገሪያው በላይ ሁለት ጅረቶች ወንጭት ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ዋልካ ይባላል፤ ከእኛው ማሳ የሚወርድ አጭር ጅረት ነው። ጥቁር አፈር ይዞ እያጓራ ይመጣና ወንጭትን ከጉልበት ሳያሳልፍ ይደክማል። ሌላው ኮሶ በር ነው። እሱ ከመንዝ ደጋ ተነስቶ ቀዩን ገደል እየላጠ ስለሚወርድ ውሃው ደም ይመስላል። እኛ ዘንድ ፀሐይ እየጠበሰን መንዝ ላይ ከዘነበ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ ከብትም ሰውም ይወስዳል። ቢተው ከአባቱ የወረሰው ሕግ አጭር ነበር፦ ጥቁር ከመጣ ግባ፣ ቀይ ከመጣ ውጣ። አባቱ በዚሁ ሕግ ሲያሻግሩ ኖረው፣ አርጅተው አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት።

መሬት ከተደለደለ በኋላ በመጣው ነሐሴ፣ አንድ ጠዋት ከማዶ ጥሩምባ ተነፋ። የሚስቱ የጌታነሽ እናት፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ አርፈዋል። የሚቀበሩት ከወንዙ ማዶ ተረተሩ ላይ ባለችው ማርያም ነው። ጌታነሽ ደግሞ አንድያ ልጃቸው ናት። እኛ አገር እናቱን ያልቀበረ ሰው ከዚያ በኋላ ሰው መሃል ቀና ብሎ አይቀመጥም።

እኛ ጎረቤቶቹ ከቢተውና ከጌታነሽ ጋር ወደ ወንዙ ወረድን። ማዶ ቃሬዛውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አውርደው ልጅቷን ሲጠብቁ ይታየናል። ሌሊቱን እኛ ዘንድ ሲዘንብ አድሮ ነበር፤ የመንዝ ደጋ በጉም ተሸፍኗል። ውሃው ጥቁር ሆኖ እየጨመረ ነው። ቢተው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጨለፈና በጣቶቹ አሸው።

«ዋልካ ነው» አለ።

«ትንሽ ብንቆይስ?» አልኩት።

«እናቴ ፀሐይ ላይ ተጋድማ?» አለች ጌታነሽ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ጨርሳለች።

«ነይ፣ አንጓሽን ስጪኝ» አላት።

መሃል ሲደርሱ ውሃው ከጉልበት አለፈ፤ ወዲያው ወገብ ደረሰ። ከላይ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ሰማን። ዋልካ ድንጋይ አያንከባልልም። ቢተውም ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር አየሁት፣ ያ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም። ተነቅሎ የመጣ ግንድ ሁለቱንም መታቸው። እሱን ወደ እኛ ዳር ወረወረው፤ እሷን ይዟት ሄደ። ማዶ ለእናቲቱ ሲያለቅሱ የነበሩት ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ሮጡ።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። ደጋው ላይ ከጥንት ሣር ለብሶ የኖረ ጥቁር መሬት በዚያ ዓመት ለአዲስ ባለይዞታዎች ደርሶ ታርሷል። ሣሩ ሲገለበጥ አፈሩ ወረደና የኮሶ በርን ቀይ ውሃ አጠቆረው። የመንዙ ገበሬ ለልጆቹ ገብስ መዝራቱን እንጂ ቆላ ያለ ወንዝ ቀለም መቀየሩን በምን ያውቃል? እንዲያም ሆኖ ብዙ ቀን ረግሜዋለሁ።

በማግስቱ ማዶ ያሉት ከታች አሸዋ ላይ አገኟት። ትናንት የተደፈነውን የእናቷን መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ከፍተው ከጎናቸው ሊያስተኟት ተሸክመዋት ወጡ። ወንጭት ገና አልጎደለም። ያን ሁሉ ሰው ሲያሻግር የኖረው ቢተው ከዚህኛው ዳር ቀረ። «ልቀቁኝ፣ አፈር ላልብሳት!» እያለ ሲታገል ተረባርበን ያዝነው። ማዶ ፍትሐቱ አልቆ ሰዎቹ መድፈን ሲጀምሩ መታገሉን ተወ። ከእግሩ ሥር አፈር ዘገነና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ማዶ ወረወረው። አፈሩ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ውሃው ላይ ተበተነ።