ወረቀት የሌላቸው እንግዶች

ጭሮ ውስጥ አንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሰዎች በቤቱ ያሳድር ነበር። ያን ሰሞን ከየመን የመጣች አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያ ተጠግታ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ አከራዬ ናቸው፤ የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ ስብሰባቸው ላይ ጠሩኝ።

እኔም አልራራሁም። «መንግሥት ሳያውቅ ማሳደር ያስጠይቃል፤ ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም!» አልኩ። ችሎት ፊት የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

አከራዬ በእርጋታ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ተከራዩን ቀበሌ ያላስመዘገበ አከራይስ?» አሉ።

«እሱም ይጠየቃል» አልኩ፣ ፈጠን ብዬ።

«እንግዲያው እኔ ድሮም ጥፋተኛ ነኝ። ከጎጃም ተመድበህ የመጣህ ቀን መታወቂያህን ሚኒባስ ውስጥ ሌባ ወስዶብህ ነበር። ማን ነህ ሳልል ክፍል ሰጠሁህ። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አላስመዘገብኩህም።»

የማኅበሩ ኮሚቴ ሳቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሕግ ሳወራ፣ የራሴን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ሴትየዋንና ልጆቿን ላስመዘግብ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና ብሎ፣ «ያልተመዘገበው ማን ነው?» አለኝ።

«ከእኔ ጀምር» አልኩት።